ያልተቆረጠው እንጥል

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርሁ። ገና ለጋ፣ ቁጡ፣ ለውጡ በእኔ በኩል የመጣ የሚመስለኝ ሰው። ዋና ጠላቴም ረሃቡ ሳይሆን የአካባቢው እንጥል ቆራጭ አሮጊት ነበሩ። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸው ዘንድ ሄዶ እንጥሉን ይቆረጣል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወደ እኔ ይመጣል።

አንድ የገበያ ቀን የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ልጅቱ አንገቷ ደርቆ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ለሃጯን መዋጥ አቅቷት ይዝረበረባል፤ ድምጿም አፏን በጥጥ የሞሉት ይመስል ታፍኗል። ተራ በሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ፊት ቱግ አልሁባቸው።

«የገዛ የልጅ ልጅዎንም ቆረጡ? እርስዎ እኮ ከረሃቡ ይብሳሉ!»

«አልቆረጥሁም ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጣቴን ሰድጄ ዳበስሁት፤ እንጥሏ ደህና ነው። ከበስተኋላው፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ ሲነኩት የሚሰረጉድ ነገር አለ። መግል ነው። ደሞስ በዚህ ዘመን እህል ቀርቦለት እንቢ ያለ ልጅ አይተህ ታውቃለህ?»

አንገቷን በውጭ በኩል ዳበስሁት፤ ከቆዳና ከአጥንት በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። አፏን እንደ ልብ ስለማትከፍት ውስጡን በደንብ አላየሁም። ቶንሲል ነው ብዬ ፔኒሲሊን ወግቼ ሰደድኋቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን አለመጠርጠሬ ሳያንስ የጠረጠሩትን ሴትዮ ናቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ከልጅቱ አባት ጋር ተመልሰው መጡ። ልጅቱ አየር በሳበች ቁጥር ጉሮሮዋ ሲር ሲር ይላል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ደሴ ሩቅ ነው፤ የእርዳታ እህል ያመጣው መኪናም በዋዜማው ተመልሷል። አሮጊቷ ያሉት መግል ነበር፤ ስለቱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። እንዲህ ያለ መግል ሲከፈት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሐኪም ትከሻ ኋላ ቆሜ ነው።

«አብሽር» አሉኝ አሮጊቷ። «ቦታውን እኔ አሳይሃለሁ፤ አንተ ብጣው።»

መግሉ ወደ ሳንባዋ እንዳይወርድ አግዳሚ ወንበር ላይ አንጋለን፣ ጭንቅላቷን ከጫፉ ወደ ታች አዘነበልነው። አባቷ እጅና እግሯን ያዘ። ስለቱን ጫፉ ብቻ እስኪቀር በፕላስተር ጠቀለልሁት። አሮጊቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ማንኪያ በጥርሶቿ መካከል ከተው፣ ያን የስንቱን ጉሮሮ የሚያውቅ ጣታቸውን ሰደዱና «እዚህ» አሉ። በጣታቸው ጎን ወጋሁ። መግሉ በአፏም በአፍንጫዋም ተንዠቀዠቀ። ልጅቱ ትን አላት፣ ሳለች፣ ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

ተራ ጠባቂው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። «በሽታዋን ማን አወቀላት?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። አሮጊቷ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እሱ ነዋ! ከእንግዲህ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ካላችሁ በጊዜ ወደሱ አምጡ» አሉ።

እኔም ዝም አልሁ።

በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ተው እንጂ፣ ልጅ አይደለህ?» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እስኪሞቱ ድረስ እንደ እናቴ ወደድኋቸው። ግን የሰደብኋቸው በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅኋቸው ሁለታችን ብቻ ሳለን ነው።