ምራቴ የቆመችበት ስም

ፌሚኒዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳችኝና ከእምነት ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ላልጠየቀኝም ጭምር፣ መልስ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣልኝ መልስ አልነበረም። የመጣልኝ አንድ ሳምንት ነው፤ በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ በሐፍረት ጀምሬ በእፎይታ የጨረስኩት ሳምንት። እርሱን ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው እርሱኑ ነው።

አባቴ ወታደር ሆኖ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነበር፤ እናቴ የአገሩ ልጅ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያወቅኩት በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚጽፉ ሰዎች ጀርባ እየቆምኩ፣ የጣሉትን ወረቀት እየለቀምኩ ነው። ኋላ እኔም እዚያው አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በሰው አቤቱታ ነው። ማንበብ መቻሌ ወደ ወንጌላውያን ማኅበር ወሰደኝ። አባቴ በዚህ አኩርፎኝ ሞተ። እኔ ግን ባነበብኩት ጸናሁ፤ ከዓመታት በኋላም ከማኅበሩ ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ሆንኩ።

ጥብቅ አባት ነበርኩ። ልጆቼ ከእኔ በፊት ማዕድ አይቀርቡም፤ ሳናግራቸው ዓይን ዓይኔን አያዩም። ሴት ልጆቼን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። ያስቆጠርኳቸው ግን ቤታቸው ተቀምጠው ወንጌል እንዲያነቡ እንጂ በሰው ፊት ቆመው እንዲናገሩ አልነበረም። ሐዋርያው ሴት በማኅበር መካከል ዝም እንድትል ማዘዙን አውቃለሁ፤ ትእዛዙንም እወደው ነበር። ሰው የሚወደውን ትእዛዝ ሲጠብቅ ታዛዥ የሆነ ይመስለዋል።

በዚያ ዓመት ማኅበራችን ለሴቶች የፊደል ትምህርት ሊከፍት ወሰነ። ከመንግሥት ያገኘነው ፈቃድ ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን የሚል ስለነበረ፣ ተማሪዎቹም በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ሁለቱንም አጣርቶ የሚያውቅ አስተማሪ አስፈለገ። ሁለት ሰው ቀረበ። አንደኛው ከጊምቢ የመጣ ጎበዝ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ ምራቴ ነበረች።

ምራቴ የበኩር ልጄ ሚስት ናት፤ ቢላ ከሚባለው አገር የመጣች፣ እስከ አምስተኛ ክፍል የተማረች። ልጄ አርጆ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ይሠራ ስለነበረና በወር አንዴ ስለሚመጣ እርሷ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ማስተማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ ሚስቴ ናት፤ ምራት አማቷን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አትጠይቅም። የሰፈሩ ሴቶችም በየቤቱ፣ አስተማሪው ወንድ ከሆነ ባሎቻችን አይለቁንም ይሉ ነበር። ስለዚህ ምራቴ ካልተመረጠች እርሷ ጓዳ ልትቀር፣ ትምህርቱም ባዶ ወንበር ሊሆን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስታችን ሽማግሌዎች ተቀመጥን። አንዱ በዕድሜ የሚበልጠን ሸማኔ ነው፤ ሴት በቤተ ጸሎት ቆማ ማስተማሯን አጥብቆ ተቃወመ። ሌላው ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። እኔ ሱቅ ውስጥ ዝም ያለች ሴት ገጥማኝ አታውቅም፣ እዚህ ስትገባ ብቻ ምላሷን ምን ያዘው ብሎ አሳቀን። እኔ በልቤ ከሸማኔው ጋር ነበርኩ። ሆኖም ለጉዳዩ ዳኛ እንዳልሆን፣ ሁለቱም እሑድ ከአምልኮ በኋላ በማኅበሩ ፊት ያንብቡ፣ የተሻለው ይመረጥ አልኩ። የሚነበበውን ክፍል እንድመርጥ ለእኔ ተተወ።

ለቤቴ አዳላሁ እንዳልባል ከሁሉ የከበደውን መረጥኩ። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ የሚወርደው፣ የወንጌሉ መጀመሪያ ላይ ያለው የአባቶች ዝርዝር ነው። ስሞቹ ለአፍ እንግዳ ናቸው፤ አንደበተ ርቱዕ የተባለውን ሁሉ ያንገዳግዳሉ። የእኔም ስም ከእነርሱ አንዱ ነው፤ አባቴ ከዚያው አውጥቶ ሰጠኝ። በውነቱ ከሆነ ያን ገጽ የምወደው ስለዚህም ነበር። በስሜ የሚጠራኝ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ሰዉ በሥራዬ ‘ጸሐፊው’ ይለኛል፣ ጎረቤት ደግሞ በበኩሬ ስም ‘የእገሌ አባት’ ይለኛል። በመጽሐፍ ሳየው ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ሴቶች በግራ ወንዶች በቀኝ እንደተቀመጥን ወጣቱ ቀድሞ አነበበ፤ ሁለት ቦታ ተደናቅፎ ጨረሰ። ምራቴ ተነሥታ ጠረጴዛው ዘንድ ቆመች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ኋላ ተስተካከለ። እነዚያን ከባድ ስሞች እንደ ጎረቤት ስም ታወርዳቸው ጀመር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ እንዳይታይብኝ ግንባሬን ቋጠርኩ።

ከዚያ ቆመች።

ጣቷ መስመሩ ላይ ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። አንዴ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ከሴቶቹ በኩል ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ፤ ብዙዎቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበዋል። ቀጥዪ አልኳት። አልቀጠለችም። ካልቻልሽ ተቀመጪ አልኳት። መጽሐፉን በሁለት እጇ አስቀምጣ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም በማኅበሩ መዝገብ ላይ ‘አንብባ መጨረስ ያልቻለች’ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ወጣቱ በሚቀጥለው እሑድ ተጸልዮለት ሥራውን እንዲጀምር ተወሰነ።

ቤት ስገባ ሚስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

«ሆን ብለህ ነው?» አለችኝ።

ምኑን ብዬ ጠየቅኳት።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስምህን እንድትጠራ ያቆምካት።»

በወለጋ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አታወጣም። ላጉ ይባላል፤ የከበረ ልማድ ነው፤ ሚስቴም ራሷ የአባቴን ስም ሳትጠራ ቀብራዋለች። አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። በጠረጴዛዬ ዘንድ ስንት ሴት በመሬት ልትከስ መጥታ የአማቷን ስም ስጠይቃት በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ አጠገቧ ወደ ቆመው ሰው በአገጯ እያመለከተች እርሱ ነግሮኝ ጽፌያለሁ። ለሌላው አማት የማውቀውን በራሴ ላይ ሲመጣ አላየሁትም። መጽሐፉን ስገልጥ የመጽሐፍ ሰው እንጂ የማንም አማት አልመሰልኩም ነበር።

ሚስቴ ሌላም ነገረችኝ፤ እርሱ ነው የከበደኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሆን ብዬ ያደረግኩት መስሏቸዋል። ምራቴም ጓዳ ገብታ አላለቀሰችም፤ ‘አባ አይሆንም ለማለት ከብዷቸው በመጽሐፉ ነገሩኝ’ ብላ እህል ትለቅም ጀመር።

በማግስቱ አንድ ሰው ስለ ጠፋበት በሬ አቤቱታ ላስጽፍ ብሎ መጥቶ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ሴት ዝም እንድትል የፈለገው እግዚአብሔር ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ግን በዓይኔ ያየሁት ዝምታ ለእኔ የተደረገ ዝምታ ነው። እኔን አክብራ የእግዚአብሔርን ቃል መካከሉ ላይ አቋረጠች፤ እኔም ያን እንደ ድካም ቆጥሬ ጻፍኩባት። ከዚያ በፊት ስንቱን የእኔን ክብር የእርሱ ትእዛዝ ብዬ እንዳሳለፍኩ ሳስብ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ሥራዬን ዘግቼ ወደ ሸማኔው ቤት ሄድኩ። ፍርዱ ስሕተት ስለሆነ ምራቴ እንደገና ታንብብ አልኩት። መወርወሪያውን ሳያቆም፣ ለቤትህ ሰው አዘንክ አለኝ። ለምን እንደቆመች አታውቅም ወይ ስለው፣ አሁን ቆመና አየኝ።

«አውቄያለሁ እንጂ። አንተ ያወቅክ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። እንዲያውም ብልኅ ሰው ነው ብዬሃለሁ።»

በሕይወቴ ከተመሰገንኩበት ቀን ሁሉ ይልቅ ያ ቀን አሳፈረኝ። አላወቅኩም አልኩት። እርሱም፣ እንግዲያውስ ያንኑ ገጽ ታንብብ፣ ቀለል ያለ እንዳይሰጣት፣ ከቆመች ግን ነገሩ አለቀ አለ። ባለሱቁ ወዲያው ተስማማ፤ እንደ ልማዱም፣ ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን አንተ ስምህን ብትለውጥ አይቀልም ነበር ወይ አለኝ።

የቀረችው ምራቴ ናት። ጠርቻት መጥታ በሩ ዘንድ ቆመች። መጀመሪያ፣ ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት ነገርኳት። ለልጆቼ ስለ ሥራዬ ምክንያት ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ ወጥራው ኖሯል። በዚህ ተደፋፍሬ፣ እኔ ነኝና ባለ ስሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን እንድትጠሪ ፈቅጄልሻለሁ አልኳት። ትልቅ ነገር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን አልተቀበለችኝም።

«አባ፣ እርስዎ ስለፈቀዱ ካነበብኩ፣ ነገ ሲከለክሉኝ ላቆም ነው» አለች።

ታዲያ ምን ይሁን አልኳት። በልቤ ተቆጥቼ ነበር።

«መጽሐፉ ላይ ያሉት ሰውዬ ያን ስም የያዙት ከእርስዎ በፊት ነው። እርስዎ የተዋሱት ከእርሳቸው ነው። እዚያ ላይ የእርሳቸውን አነባለሁ። ቤት ውስጥ ግን የእርስዎን አልጠራም፤ ቢፈቅዱልኝም አልጠራም።»

ለምን አልኳት።

«ስለማከብርዎት ነዋ። እርሱን ማንም አላዘዘኝም።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ወንጌል ሳነብ ስሜን ከሌላ ሰው መዋሴን አስቤ አላውቅም ነበር። ይሁን እንጂ ተስፋም አልሰጠችኝም። ያን ያህል ሰው እያየኝ አፌ ይታዘዘኝ እንደሆነ አላውቅም አለች። እሑድ እኔ ብቀር ይሻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይኑሩ» አለች። ከወጣች በኋላ ተመልሳ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ግንባርዎን ብቻ አይቋጥሩት» አለችኝ። ከጓዳ የሚስቴን ሳቅ ሰማሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከማንበቧ በፊት ተነሥቼ፣ ያለፈው ፍርድ የተሳሳተ እንደነበረ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩና ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ምራቴ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስሞቹ እየወረዱ ወደ ስሜ ቀረቡ። ያ መስመር ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ሸማኔው ወደ እኔ ዞረ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀና አለች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም፤ ስሙን ጥርት አድርጋ አነበበችው። ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን አነበበች። ስሜ ከእርሷ አፍ ሲወጣ የእኔ አልመሰለኝም፤ የሩቅ ዘመን ሰው ስም ሆኖ፣ ወልዶ፣ ለልጁ ተራውን ሰጥቶ አለፈ። የቀነሰብኝ ነገር አልነበረም። ጮክ ብዬ ሳልተነፍስ አልቀረሁም፤ ባለሱቁ በክርኑ ጎሰመኝ።

ማኅበሩ እርሷን መረጠ። ወጣቱም ፊደል ያልቆጠሩትን የማኅበሩን ወንዶች እንዲያስተምር ተደረገና ደስ ብሎት ተቀበለ። እኔ መዝገቡን አውጥቼ የጻፍኩትን አልፋቅኩትም፤ ፍቆ ማሳመር ማታለል ነው። ከሥሩ ‘የተሳሳተው ፈታኙ ነው’ ብዬ ፈረምኩበት።

ለልጅ ልጄ ያልኳት ይህን ነው። ሴት የምትጠብቀውንና የምትተወውን በእግዚአብሔር ፊት ራሷ መርምራ የምትለይ ከሆነ፣ ፌሚኒዝም የሚሉትም ይህ ከሆነ፣ ከእምነት ጋር ሲጣላ አላየሁም። ሲጣላ ያየሁት ከእኔ ጋር ነው፤ እኔና እምነት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አልነበርንም። ይህን ማወቅ ከብዙ ሸክም አሳርፎኛል፤ በሐዋርያው ስም የቤቴን ሴቶች ስጠብቅ የኖርኩት ድካም ነበር። የሐዋርያውን ቃል ግን አልጣልኩትም፤ ዛሬም አነበዋለሁ፤ የማልረዳው ነገር እንዳለብኝ አምኜ አነበዋለሁ። የልጅ ልጄ ይህ መልስ ጎደሎ ነው አለችኝ። ጎደሎ መሆኑን አውቃለሁ።

ትምህርቱ ሰኞ ጠዋት ተከፈተ። ወደ ሥራዬ ስሄድ በቤተ ጸሎቱ አጥር በኩል አለፍኩ። ምራቴ አንዷን ፊደል ትጠራለች፤ ሴቶቹ ተከትለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ሲሳሳቱ ይሳሳቃሉ። በበሩ ቀዳዳ የሸማኔውን ሚስት ከፊት ተቀምጣ አየኋት፤ ከሁሉ ይልቅ የምትጮኸው እርሷ ነበረች። የሴት ድምፅ ከዚያ ቤት ሲወጣ ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከበደኝም። ፍርድ ቤት ደጅ ባለጉዳዮች እየጠበቁኝ እኔ አንድ ገበታ ፊደል ቆጥረው እስኪጨርሱ ድረስ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰማኋቸው።