ሰማንያ የግራ እጅጌ

ይህ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ውስጥ ነው። ያኔ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ፤ የምሠራውም በልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማህበር ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ስንት ጉድ አይተናል፤ የኔው ከዚያ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ተራ ነገር ነው። ግን ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳንስ ያየሁት በራሴ ላይ ስለሆነ እጅጌ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ልብስ ሰፊ ደግሞ እጅጌ ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም።

ማህበራችን በቾ ቦሬ ሰፈር፣ አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለት የስፌት መኪና በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። ከአሥራ ሁለታችን በሙያ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሰው ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ «ወርቅነህ ይቁረጥልኝ» ይል ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ በማህበራችን ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ በር ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ስገባ ሰላም የምለው መጀመሪያ የራሴን ፎቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ነዚፍ መጣ።

ነዚፍ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሸቤ ከተማ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ ሲናገር አማርኛውን በኦሮምኛ እያጣፈጠ የሚናገር። ሲመጣ እጁ ቀርፋፋ ስለነበር ወደድኩት። ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ ያሳየሁት እኔ ነኝ። «ጋሼ ወርቅነህ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስድስት ወር ሳይሞላው ልጁ ተለወጠ። እኔ ሁለት ሱሪ ስጨርስ እሱ ሦስተኛውን ይጀምራል። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው፤ ጉድለት ለማግኘት መስኮት ድረስ ወስጄ እያገላበጥኩ አይቻለሁ። አላገኘሁም። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ «ምን ቀምሰህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነዚፍ ከመኪናው መሳቢያ በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከእጅ እጅ ሲዞር የኖረ የጀብዱ መጽሐፍ ነው። ጀግናው ሜጀር ካልዶ ይባላል። ድልድይ ያፈርሳል፣ ከባቡር ላይ ይዘላል፣ ብቻውን አንድ ምሽግ ይይዛል።

«ወላሂ፣ ሥራ ያስተማረኝ ይሄ ሰው ነው» አለ ነዚፍ።

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር። ሜጀር ካልዶ ከመዝመቱ በፊት መሣሪያውን እጁ በሚፈልገው ቅደም ተከተል ይደረድራል። ነዚፍም ማታ ሊወጣ ሲል መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ መርፌውን፣ ለነገ የሚበቃ ክር የተጠነጠነበትን ማጠንጠኛ ሁሉ በመስመር ደርድሮ ይሄዳል። ሜጀር ካልዶ ሁለት ጠላት በአንድ ጊዜ አይገጥምም። ነዚፍም አንድ ልብስ ከላይ እስከ ታች አይሰፋም፤ መጀመሪያ የሁሉንም ኮሌታ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ኪስ ይጨርሳል። ሜጀሩ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይነሳም። ነዚፍም ከሰል ካውያው ጋ የሚሄደው ስድስት ሰባቱን ልብስ አከማችቶ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት ጎንበስ ብዬ የተማርኩትን ሙያ አንድ የሸቤ ልጅ ከልብ ወለድ ተምሮ በለጠኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። ባለቤቴ ዘነበች «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ሆዴን ቆርጦኝ ነው» አልኳት። እውነትም ሆዴን ነበር የቆረጠኝ።

በማግስቱ ያደረግኩትን ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ። ወደ ማህበሩ ሊቀመንበር ወደ ጓድ ታምራት ቢሮ ገባሁና «ያ ልጅ በሥራ ቦታ የኢምፔሪያሊስት መጽሐፍ ያነባል» አልኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የተናገርኩት።

ጓድ ታምራት ቅዳሜ በስብሰባ ላይ ነዚፍን አስነሳው።

«ይህ ሜጀር የሚሉት ሰው ለማን ነው የሚዋጋው?»

ነዚፍ ትንሽ አሰበ። «ጓድ፣ መሬታቸውን የተነጠቁ ገበሬዎችን ነው የሚረዳው። ባለ ርስት ካየ አይለቅም።»

በኋላ መጽሐፉ ሲነበብልኝ ያገኘሁት አንድ ባለ ርስት ብቻ ነው፤ እሱንም ያሳደደው በሴት ነገር ተጣልተው ነው። ጓድ ታምራት ግን ፊቱ በራ። «እንግዲያው ጥሩ ጓድ ነው! ልምዱን ለሁላችንም አካፍል» አለው። በሳምንቱ የሜጀር ካልዶ የአሠራር ዘዴ በቀይ ቀለም በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ከመፈክሮቹ ጎን ተሰቀለ። ላስመታው ብዬ መምህር አድርጌው አረፍኩ።

ከዚያ በኋላ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ «ባለቤቴ ማንበብ ትወዳለች፣ መጽሐፉን አውሰኝ» አልኩት። ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ዘነበች በመሠረተ ትምህርት ስታስተምር የኖረች ስለሆነች ድምጿን እየቀያየረች ታነብልኛለች፤ እኔ እንደ ፈተና ተማሪ አዳምጣለሁ። ችግሩ እሷም ወደደችው። «ይሄ ነዚፍ የምትለው ልጅ ግን ብልህ ነው» ስትል ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

የሠራተኞች ቀን ሲቃረብ በአካባቢው ካለ አንድ የመንግሥት ቡና እርሻ ትልቅ ሥራ መጣ። ሠራተኞቹ ለሰልፉ የሚለብሱት ሰማንያ የካኪ ጃኬት ነው። ጓድ ታምራት ሁለት ጣቃ ካኪ አስመጥቶ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለነዚፍ ሰጠ። አርባ አርባ ጃኬት ማለት ነው። አጣርቶ ቀድሞ የጨረሰ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ይባላል፣ ሬዲዮም ይሸለማል። ሬዲዮው ቀርቶብኝ ፎቶዬ ብቻ ባልተነካ ብዬ ተመኘሁ።

እኔም በሜጀር ካልዶ ዘዴ ዘመትኩ። አንድ ጠላት በአንድ ጊዜ ብዬ መጀመሪያ የሁሉንም እጅጌ ልቆርጥ ተነሳሁ። እዚህ ላይ የልብስ ሰፊ ነገር ትንሽ ላስረዳ። ካኪ ፊትና ጀርባ አለው። ልብስ ሰፊ እጅጌ ሲቆርጥ ጨርቁን ፊት ለፊት ያጥፈዋል፤ በአንድ ካርቶን ልክ ሲቆርጥ ከላይኛው ግራ፣ ከታችኛው ቀኝ እጅጌ ይወጣል። አሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ስሠራ ለምን እንደማጥፍ አስቤ አላውቅም፣ እጄ ነበር የሚያውቀው። ያን ቀን ግን ማጠፉ፣ ማስተካከሉ ጊዜ የሚበላ መሰለኝ። ጣቃውን እየዘረጋሁ ሁሉንም ድርብ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደራረብኩና ካርቶኑን አስቀምጬ መቁረጥ ጀመርኩ። መቀሴ ሲሮጥ ለራሴ ደስ አለኝ። ነዚፍን በጎን አየሁት፤ ገና ኮሌታና ኪስ ላይ ነው። በሆዴ «ሜጀርህ ወደኔ መጥቷል» አልኩት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰማንያውን እጅጌ ጨርሼ ነበር። ሁሉም ሰው ወጣ፣ ነዚፍም ለዙሁር ሶላት ሄደ። እኔ እጅጌዎቹን ጥንድ ጥንድ ለማድረግ ሁለት አነሳሁ። ሁለቱም ግራ ናቸው። ሌላ አነሳሁ፣ ግራ። ከታች መዘዝኩ፣ ግራ። አንዱን በቀኝ ክንዴ ላይ አድርጌ ሳየው ብብቱ ወደ ኋላ ዞሯል።

ሰማንያ እጅጌ፣ ሰማንያውም የግራ! የቀረው ጨርቅ ለጃኬቶቹ ፊትና ጀርባ እንኳ በልክ ነው። ካኪ በኮታ የሚገኝ፣ የመንግሥት ጨርቅ ነው። የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሰው ተሳሳትኩ ቢል ማን ይሰማዋል? አሻጥር ነው የሚባለው። በአሻጥር ተጠርጥሮ የተወሰደ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ልጆቼ በፊቴ መጡ።

ነዚፍ ሲገባ እንዲያ ሆኜ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ማል ታቴ? ምን ሆኑ?»

እጅጌዎቹን አየ፣ ሁለቱን አንስቶ ገጠመ፣ ገባው። እኔ ፊቱን ነበር የማየው። ደስታ ስፈልግበት ነበር፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ደስ እንደሚለኝ ስለማውቅ። የለም።

«ሂን ሶዳቲን፣ አይፍሩ» አለኝ። «የኔ እጅጌ ገና ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ጣቃውን አወረደና ልክ እንደኔ ፊቱን ወደ ላይ እየደራረበ ዘረጋው። ከዚያ ካርቶኑን ገለበጠው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሱ ጨርቅ ሰማንያ የቀኝ እጅጌ ሊቆርጥ ነው። አርባውን ለኔ ሰጥቶ ከኔ አርባ ግራ ሊወስድ።

«ሰው ሳይመጣ ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ መቀስ ያንሱ» አለ።

ሁለታችን ከሁለት ጫፍ ቆረጥን። ሰዎቹ ከምሳ ሲመለሱ ሁሉም ነገር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ማንም ምንም አላወቀም።

ጃኬቶቹን ጨርሰን አስረከብን። እሱ በአንድ ቀን ቀደመኝ። በሦስተኛው ቀን የእርሻው ተወካይ አንድ ጃኬት ይዞ መጣና በራፉ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ዘረጋው። የሁለቱ ጣቃ ቀለም ለካ ትንሽ ይለያይ ኖሯል። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ግራው እጅጌ ደመቅ፣ ቀኙ ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

ጓድ ታምራት ወዲያውኑ ሰበሰበን። «ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?» አለ። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ።

ነዚፍ ተነሳ። «እኔ ነኝ። ሁለቱን ጣቃ የደባለቅሁት እኔ ነኝ፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ። ጥፋቴን አምናለሁ፣ ራሴን እሂሳለሁ» አለ።

ሁሉም እየተነሳ ሂስ ሰነዘረበት። ግለኛ ተባለ፣ ጥድፊያ ወዳድ ተባለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «ወደፊት ይጠንቀቅ» አልኩ። ይህን ከአፌ አውጥቻለሁ። ደግነቱ ተወካዩ «ልኩ ደህና ነው፣ ይለብሱታል» ስላለ ነገሩ በማስጠንቀቂያ አለቀ። የሜጀር ካልዶ ወረቀትም ከግድግዳው ወረደ። ሬዲዮው ለኔ ተሰጠ፣ ፎቶዬም ለአራተኛ ዓመት ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ በዚያ በር አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው።

ነዚፍ ከዓመት በኋላ ወደ ሸቤ ተመለሰ። ብዙ ቆይቶ ለለቅሶ ሸቤ ሄጄ አገኘሁት። የራሱ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ደስተኛ። ለባለቤቱ «ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። አላስቻለኝም።

«ነዚፍ፣ ስለ መጽሐፉ ለሊቀመንበሩ የነገርኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ቀን ከቢሮ ሲወጡ በር ላይ ነበርኩ። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ።»

እያወቀ ነበር ካርቶኑን የገለበጠው። እያወቀ ነበር የተነሳው። ስለ እጅጌው ልናገር ፈልጌ አቃተኝ፤ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ዛሬ አርጅቻለሁ። መርፌ መያዝ ከተውኩ ቆይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አሁንም በነዚፍ እቀናለሁ። ድሮ የቀናሁት በእጁ ፍጥነት ነበር፣ ያ አልፏል። አሁን የምቀናው ያን ቀን በተነሳው እግሩ ነው። እነሆ እኔም በዚህ ጽሑፍ «እኔ ነኝ» ብያለሁ። ግን እሱ ያን ቃል ሲናገር ሊያሳስረው ይችል ነበር፤ እኔን ዛሬ ማንም ምንም አያደርገኝም።