የገና ዋዜማው በሬ

መርሳ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው የአቶ ደምሴ ማረጃ ግቢ ሥራ የጀመርኩ ቀን ቦታውን ያሳየኝ ካሣ ነው። ካሣ የክርስቲያኑ ወገን አራጅ ነበር፤ እኔ ለሙስሊሙ ወገን ተቀጠርኩ። «ይኼ የኔ መስቀያ፣ ያኛው ያንተ። ካራችን ለየብቻ፣ የውሃ በርሜላችን ለየብቻ» አለኝ። ወደ መንጠቆዎቹ እያመለከተም፣ «ሥጋ ከተሰቀለ ወዲያ አፍ የለውም። ማን እንዳረደው የምንናገርለት እኛ ነን» አለ።

ነገሩ አልከበደኝም። በእኛ አገር አጎትህ ክርስቲያን፣ አክስትህ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ፤ ሥጋው ግን ይለያል።

በገና ጾም የካሣ መንጠቆ ባዶ ነው። ካራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥና እኔ ዘንድ መጥቶ ወሬ ያወራል። ዋዜማው ሲደርስ ግን ቅርጫ የገቡ ጎረቤታሞች በሬያቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን አድረው ሲመለሱ ሥጋው ቤት መድረስ አለበት።

አንድ ዓመት በዋዜማው ካሣ ሳይመጣ ቀረ። ውርጌሳ ከተማ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ከባጃጅ ሲወርድ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ይህን ሲሰሙ ሌሎቹ በሬያቸውን ይዘው ሌላ አራጅ ፍለጋ ሄዱ። የኔ ሰፈር ሰዎች በሬ ብቻ ቀረ። በመሃላቸው በግ ያረደ እንጂ በሬ ያረደ ሰው አልነበረም።

አቶ ደምሴ ወደ ግድግዳው ጀርባ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ሰይድ፣ አንተው ጣለውና እረደው። እነሱን ወደ ውጭ አስወጣቸዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ አይሆንም። እኔ ያረድኩትን ካሣ አረደው ብዬ አልሰጣቸውም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አትምጣ።»

ልጆቼ ትዝ አሉኝ። እትዬ ጥሩም ትዝ አሉኝ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሳፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ እኒህን ሴት በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?

ወጥቼ ለሁሉም ነገርኳቸው። «ካሣ የለም። በእኔ እጅ ከታረደ እናንተ አትበሉትም። በሬውን አስሮ ለመጣል ግን ሃይማኖት አይጠየቅም፤ እሱን አግዛችኋለሁ። ካራውን ከእናንተ አንዱ ይያዝ።»

ልብስ ሰፊው ፈንታው እጁን እያየ፣ «ይኼ እጅ መቀስ እንጂ ካራ አያውቅም» አለ።

«እኔ በአፌ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«እትዬ ጥሩ፣ ትንሽ ይታገሡን» አልኳቸው።

«ጾሙን ሙሉ ታግሼ ለአንድ ምሽት አላንስም፣ ልጄ» አሉ።

አቶ ደምሴ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ገብቶ የካሣን ካራ አመጣና ለፈንታው ሰጠው።

በሬውን ጠልፈን ጣልነው። እኔ ገመዱን ይዤ ወደ ኋላው ቆምኩ። «አጥብቀህ ያዝ። አታመንታ፤ ካመነታህ ከብቱ ይሠቃያል» አልኩት። ፈንታው አማተበ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለና ካራውን ሳበ። በሬው ተንፈራግጦ ዝም አለ።

ፈንታው ላቡ በግንባሩ እየወረደ ዞሮ አየኝ። «ሆነ?»

«ሆነ» አልኩት። ገመዱን ለቅቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ። አንዱ ሳቀ፤ ተያይዘው ሁሉም ሳቁ። መግፈፉንና መደብ መደብ አድርጎ መካፈሉን እነሱው ተረባርበው ጨረሱ።

ከግቢው ስወጣ አቶ ደምሴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ከበዓሉ በኋላ በሰዓትህ ግባ» አለኝ።

በገና ጠዋት እትዬ ጥሩ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዘዋል። «እኛስ በልተን ደስ ብሎናል። ይችን በራስህ እጅ እረድና ከልጆችህ ጋር ብላ» አሉኝ። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት፤ ምሳችን እሷ ሆነች።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆየሁ። በሬ መጣል በወራት ይለመዳል። ሰው ሳይሰቀቅ እንዲበላ ግን አራጁ መታመን አለበት።