የጥጥ ማር

ልጅ እያለሁ ከጥጥ ቅጠል ላይ ማር እልስ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ምራቄ ይመርረኛል። ጊዜው የደርግ ነው፤ አባቴ መልካ ወረር የእርሻ ትራክተር ነጂ ስለነበር ከሠራተኛ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር። ከቤታችን ጀርባ የመስኖ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲህም ወዲያም ዓይን እስኪታክት ጥጥ ነው። ስኳር የምናገኘው በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ሲሆን አንዳንድ ወር ጭራሽ አይመጣም።

ጓደኛዬ ዘይነብ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው ሻይ ቤት የከፈቱ ነበሩ። አያቷ ሼህ ሰይድ ያን ሰሞን ወባ ጥሏቸው ገና መነሳታቸው ነው፤ ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል። «ጣፋጭ ሻይ ባገኝ አፌ ይከፈት ነበር» ሲሉ ሰማናቸው። ያን ወር ደግሞ ስኳር የለም።

እኔና ዘይነብ ምስጢር ነበረን። ጥጡ መፈንዳት ሲጀምር ቅጠሉ ቅባት እንደጠጣ ያብረቀርቃል፤ ሲልሱት ይጣፍጣል። ጣት ይጣበቃል፣ ከንፈር ይጣበቃል፣ ጉንዳን ጥርስ መሃል ይገባል፤ ቢሆንም እንልሳለን። ሼሁን የሰማን ቀን ግን ለሻያቸው ብለን ቦዩን ተሻገርን፤ እዚያ ጉንዳኖቹ ግንዱ ሥር ረግፈው ስለነበር የሚነክሰን አልነበረም። ደስ አለን። ቅጠሉን በወተት ዱቄት ጣሳ ውኃ ውስጥ አሽተን በቀሚሴ ጫፍ አጠለልነው። ውኃው ደፈረሰ፤ ከቅጠሉ የለቀቀ ጥቀርሻና የጉንዳን እግር ተንሳፍፎበታል። በዚያ ውኃ ሻይ አፈላን።

ሼህ ሰይድ ሁለት ስኒ ጠጡ። «አልሐምዱሊላህ! ከየት አገኛችሁት?»

«ከሱቅ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

በማግሥቱ ጠዋት ከቦዩ ወዲህ ቅጠል ስንልስ ጋሽ ንጉሤ ደረሱብን። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሥራቸው ጥጥ ላይ ያለ ነፍሳት መቁጠር ነው። ሳይቆጡ ቅጠሉን ገልብጠው አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። አረንጓዴ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት እንደ ቅማል ተደራርበዋል። አንድ ጉንዳን መጥቶ የአንዱን ጀርባ በአንቴናው ዳበስ ዳበስ ሲያደርገው ከኋላው ጠብታ ብቅ አለች፤ ጉንዳኑም ጠጣት።

«እንደ ላም ያልበዋል» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «በምትኩ ክሽክሹን ሊበላ የሚመጣውን ሁሉ ያባርርለታል። ከዘር ዘር ሲላመዱ የኖሩ ናቸው፤ አንዱ ያበላል፣ አንዱ ይጠብቃል።»

«ከኋላው የሚወጣው ምንድን ነው?» አለች ዘይነብ።

«ኩሱ ነዋ!»

ዘይነብ እዚያው አስመለሳት። እኔ ምላሴን በቀሚሴ ስጠርግ ቀሚሱም በዚያው ነገር እንደተለወሰ ትዝ አለኝና ባሰብኝ። «የማዶው ቅጠል ከዚህኛው ይሻላል፤ እዚያ ያሉት ጉንዳኖች ሞተዋል» አልኳቸው፣ ራሴን የማጽናና መስሎኝ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ማዶ ከትናንት ወዲያ በአውሮፕላን መርዝ ተረጭቷል! ከዚያ ቀመሳችሁ?»

ወደ ሻይ ቤቱ ሮጥን፤ ጋሽ ንጉሤም ተከተሉን። ሼህ ሰይድ ደጃፉ ላይ ተጋድመው ይንቀጠቀጣሉ፤ ለሃጫቸው ጺማቸውን አርሶታል፣ ትውከታቸው ደረታቸው ላይ ነው። የዘይነብ እናት «ወባው አገረሸባቸው» እያለች የወባ ክኒን ይዛ ትታገላቸዋለች። ዘይነብ አያቷን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔም ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ አንድ እርምጃም አፈግፍጌያለሁ። ኋላ «ወባ አይደለም። መርዝ ያለበት ቅጠል አጥበን አጠጥተናቸዋል» አልኩ። ጋሽ ንጉሤ በመሥሪያ ቤት መኪና ክሊኒክ አደረሷቸው። እኔንና ዘይነብንም ሐኪሙ አየን፤ እኛ ግን ከማዶው ቅጠልም ከሻዩም ስላልቀመስን ደኅና ነበርን።

ሼህ ሰይድ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ተደብቄ ሳለሁ አስጠሩኝ።

«ነይ ወዲህ፣ ልጄ። ሐኪሙ ምን እንደጠጣሁ ባይነገረው ኖሮ ጀናዛዬ ነበር የሚመጣው። ለመሆኑ ያ ጣፋጭ ምን ነበር?»

«የክሽክሽ ኩስ» አለች ዘይነብ፣ ወለል ወለሉን እያየች።

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ተፉ። ውኃ አስመጥተው ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ፤ በሦስተኛው ሳቅ አፈናቸውና ውኃው በአፍንጫቸው ወጣ።

ዘይነብ ዛሬ ሎጊያ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። አምና ሄጄ ይህን ሳነሳባት «ዝም በይ! ደንበኞቼን ልታስመልሺብኝ ነው?» ብላ አፌን በእጇ ከደነችው። አያቷ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል።

ልጆቼ ስኳር ተርፎ ሲደፋ እያዩ አድገዋል፤ ቅጠል አልላሱም፣ ተመስገን። ከእኛ ግድግዳ ቀጥሎ አንድ ታማሚ ሽማግሌ ይኖራሉ። ምን እንዳማራቸው ልጆቼ አያውቁም። እኔም አላውቅም።