መከታን ያሰርንባቸው አስር ቀናት

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ጎረቤቴ የሆነው ወጣት መምህር የረጠበ ምንጣፍ አጥሩ ላይ ሲያሰጣ አገኘሁት። ውሻው አርጅቶ ሽንቱን መያዝ አቅቶታል፤ አንዳንዴም ግድግዳ እያየ ዝም ብሎ ይቆማል።

«እትዬ፣ እርስዎ የገጠር ሰው ነዎት፤ እንዲህ ያለ ውሻ ምን ይደረጋል?» አለኝ።

ከሙጃ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአባቴ ቤትና የአንድ ሐምሌ ጭቃ መጣብኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። መከታ የሚባል ውሻ ነበረን፤ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜን ይበልጠዋል። በጉልምስናው ጊዜ ጅብን ከበረታችን አፍ ላይ መልሷል፤ አንድ ጆሮውን ያጣውም ያኔ ነው። በዚያ ክረምት ግን ሌላ ውሻ ሆነ። ብርዱን ስለማይችለው ከበሩ ሥር ገለባ አንጥፈን እናሳድረዋለን፤ ጠዋት ገለባው ርሶ፣ ቤቱ ሸቶ ይጠብቀናል። እናቴ አመድ እየነሰነሰች ትጠርጋለች። አንድ ቀን የአባቴን ጋቢ አራሰው። አባቴ ጋቢውን አንስቶ አሸተተና «ምን ያድርግ፣ አርጅቷል» ብሎ ለእጥበት አስቀመጠው።

ሽንቱስ ይሁን። የባሰው መርሳቱ ነበር። መውጣት ፈልጎ በሩን ትቶ ምሰሶው ፊት ይቆማል። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ እንደ ሌባ ይጮኽበታል፤ ድምፁን ሲሰማ ደግሞ አፍሮ መሬት ላይ ይለጠፋል።

አንድ ቀን የጎረቤታችንን የአያ ሞላን ሚስት ቀሚሷን ይዞ ጎተታት። አያ ሞላ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ይህ ውሻ አብዷል። ለሐጩን አታየውም? ዛሬውኑ ይገደል!»

«አርጅቶ ነው እንጂ አላበደም፣ አያ ሞላ» አለ አባቴ። «አስር ቀን ይስጡኝ። አስሬ አቆየዋለሁ። ያበደ ውሻ ይህን ያህል አይቆይም፤ ከቆየ እርጅና ነው።»

እያጉረመረሙ ሄዱ። መከታ ከቤት ጀርባ፣ ትንሽ ዳስ ተሠርቶለት ታሰረ።

ማንም ያላወቀው ነገር ግን ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሣር ሳጭድ ማጭዱ ጣቴን ቆርጦኝ፣ መከታ ቁስሉን ልሶልኝ ነበር። የተለከፈ ሰው ውሃ ሲያይ እየጮኸ እንደሚሞት ሰምቻለሁ። ብናገር መከታ በዚያው ሰዓት ይገደላል፣ ለእኔም በቁሜ ይለቀስልኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሞኝነት ነበር፤ ዛሬ ልጄ ብትሆን ዕለቱን ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።

የሚያበላው ሰው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት አጓት በገበታ አድርጌ፣ በረጅም እንጨት ገፋ እያደረግሁ አቀርብለታለሁ። እስኪጠጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሱ ሲጠጣ እኔም የገብስ ቂጣዬ ይወርድልኛል።

በአምስተኛው ቀን ገበታውን አይቶ ፊቱን አዞረ። ወንዝ ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ ውሃውን ትክ ብዬ አየሁት፤ እፈራው እንደሆነ ራሴን መፈተኔ ነበር። ስመለስ ገበታው ባዶ ነው። አፍንጫው ሥር ያለውን አጓት ረስቶት ኖሮ፣ ኋላ ሲያገኘው ጨርሶታል።

በአስረኛው ቀን አባቴ አያ ሞላን ጠርቶ አመጣቸው። መከታ ተንገዳግዶ ተነሳ፣ ጅራቱን ቆላ፣ እዚያው እንደቆመም አባቴ እግር ላይ ሸና።

አያ ሞላ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እውነትም እርጅና ነው» አሉ።

እኔ ግን ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እናቴ ደንግጣ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ጣቴን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፤ ከዚያ አቅፋ አልለቅም አለች።

ከዚያ ወዲያ መከታ የእኔ ሥራ ሆነ። ገለባውን እቀይራለሁ፤ በበላ ቁጥር አንገቱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣዋለሁ፤ ሽንቱ ቆዳውን ይልጠው ስለነበር የኋላ እግሮቹን በለብ ያለ ውሃ አጥባለሁ። የሚያውቀኝ ቀን ነበር፤ የማያውቀኝም። ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀ እንደተኛ ሞተ። አባቴ ከማሳው ዳር ቀበረው።

ለመምህሩ የነገርኩት አጭር ነው። «አሮጌ ጨርቅ አንጥፍለት፤ ሲበላ ራስህ ይዘኸው ውጣ፤ አትቆጣው። ክትባቱንም እንዳትረሳ» አልኩት።

ያልነገርኩትም አለ። በእነዚያ አስር ቀናት መከታ እንዲኖር የጸለይኩት ለእሱ ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ነው። እሱን መውደድ የጀመርኩት ኋላ፣ እግሩን ሳጥብ ነው።