ሚኪ ከምሳችን ሲቀር ጾም መስሎን ነበር

እህቱ ረፋድ ላይ ደውላ "ሚኪ ሞተ" ስትለኝ "የቱ ሚኪ?" አልኳት። ወላሂ እንደዚህ ነው ያልኩት። አምስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን የነገድነውን ልጅ "የቱ ሚኪ?" አልኩ። ሌላ ሚኪ እንዲሆን ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ለማታውቁት፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የእኔ ሻሽ ሱቅ ጎን ሳፋና ባልዲ ይሸጥ የነበረው ረጅሙ ልጅ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ቁልፉን ለእህቱ ሰጥቶ ጫካ ገባ። የትኞቹ ታጣቂዎች ጋ እንደገባ አልጽፍም፤ ብጽፈው እዚህ ኮሜንት ላይ እርስ በርስ ትባላላችሁ፣ እሱ ይረሳል።

ከሞተ ወር አልፎታል አለችኝ እህቱ። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም። እናቱ ጎረቤት እንዳይሰማቸው ፈርተው ድምፃቸውን አፍነው ነው የሚያለቅሱት።

እኔ የማውቀው ሚኪ ሌላ ነው።

አርብ አርብ ሶላት ሲደርስ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። ሚኪ ክርስቲያን ነው፤ ግን ማንም ሳይነግረው ደጁ ላይ የደረደረውን ሳፋ ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባና ለሰጋጁ ካርቶን ያነጥፋል። እኔ ልሰግድ ስሄድ ሱቄን የሚጠብቀውም እሱ ነው። አንዴ ስመለስ የእኔን ቢጫ ሻሽ ራሱ ላይ ጠምጥሞ "እንዲህ ነው የሚታሰረው፣ እናቴ!" እያለ ለሁለት ሴቶች ሲያሳይ ደረስኩ። ሴቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነው። ያን ቀን እኔ ከምሸጠው በላይ ሸጠልኝ።

ዋጋ ላይ የሚከራከር ደንበኛ ሲቆጣ ደግሞ "ዋጋው ላይ እንጣላ፣ ሰላምታው ላይ ግን አንጣላ" ይል ነበር። ተናዶ የሄደው ሁሉ በማግስቱ ይመለሳል።

ምሳ የምንበላው አንድ ላይ ነበር፤ እኔ፣ ሚኪ፣ እና ፊት ለፊታችን ክርና ቁልፍ የሚሸጡት ጋሽ አበራ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይገናኝ የእኛ ሳህን ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሚኪ "እናንተ ሰዎች በፍስክ ጎመን አስበላችሁኝ እኮ" እያለ ያማርራል፤ ግን አንድም ቀን ብቻውን በልቶ አያውቅም።

ከዚያ አገር ቤት ያለ የአጎቱ ልጅ ተገደለ። አብሮ አደጉ ነበር። ሳህኑ ዙሪያ ቁጭ ባልንበት ሚኪ ሊያወራን ሲጀምር ጋሽ አበራ "ተው ልጄ፣ ፖለቲካ ገበያ ይበትናል" አሉት። እኔም "እውነታቸውን ነው" አልኩ። ልቅሶ እንኳን አልደረስንም፤ ሰው ምን ይለናል ብለን።

ስልኩ ውስጥ ያለ አንድ ድምፁ የለሰለሰ ሰውዬ ግን በየቀኑ አብሮት አለቀሰ። አንድ ቀን ሚኪ "ዘይኔ፣ እስቲ ይሄን ስሚው" ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ሰጠኝ። "ነገ የሚያርዷችሁ፣ ዛሬ አጠገባችሁ የሚስቁት ናቸው" ይላል ሰውየው። "ቆይ፣ ደንበኛ መጣብኝ" ብዬ ማዳመጫውን መለስኩለት። ደንበኛ አልነበረም።

ከዚያ ምሳ አቆመ። ዐቢይ ጾም ስለነበር "እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው" ሲለን ጎበዝ አልነው። ፋሲካ አለፈ፤ አሁንም አይመጣም። "ጾም ላይ ነኝ" ይላል። ከፋሲካ በኋላ ለሃምሳ ቀን ጾም እንደሌለ መርካቶ ያደገ ሙስሊም ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን እኔ ሙስሊሟ ክርስቲያኑን "የምን ጾም ነው?" ልለው ነው? ነውር ነው። ጋሽ አበራም "የንስሐ አባቱ ያዘዙት ነገር ይኖራል፣ ተይው" አሉኝ።

እሱ ግድግዳው ማዶ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሰውየውን ያዳምጣል፣ እኛ እዚህ ምሳችንን እንበላለን። ስናከብረው ነው ያጣነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አጠገባችሁ ያለ ልጅ ከማዕድ ሲቀር ጠይቁት፣ ነውር ከሆነም ይሁን፤ ሰው ሲሞትበት የማንም ወገን ይሁን ልቅሶውን ድረሱ፣ ካልደረሳችሁለት የሚደርስለት ሌላ አለ ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ግን በምን አፌ? ሚኪ ከሄደ በኋላ እኛም ሳህኑን ተውነው። ጋሽ አበራ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይበላሉ፣ እኔም ጥጌን ይዤ። ዛሬ መርዶውን ልነግራቸው ስገባ ደንግጠው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉና ስልካቸውን በግንባሩ ደፉት።

ምን እየሰሙ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ሚኪዬ፣

ክረምት ላይ በማላውቀው ቁጥር ደውለህልኝ ነበር። "ዘይኔ፣ ሱቁን ሽጪና ከዚያ ሰፈር ውጪ፤ አንቺ እንድትጎጂ አልፈልግም" አልከኝ። የደወልከው ስለምትወደኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን "እዚሁ ተወልጄ ወዴት ነው የምወጣው?" ብዬ ጮኼብህ ዘጋሁት። ቁጥሩንም ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ደውለህ ይሁን አትደውል፣ አላውቅም።

ነገ እናትህ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ። ድንኳን ባይኖርም፣ ሰው ባይመጣም።

ይቅርታ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፤ አትሰማኝም። ይቅር ልልህም ፈልጌ ነበር። ግን እዚያ በአንተ እጅ የሞቱት እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እኔ በእነሱ ፋንታ ይቅር ማለት አልችልም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።