የኔታን ማን ያገላብጥ

ታላቅ ወንድሜ ዛሬም ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እኅቴ አባታችንን ለቅጥረኛ ሰጠቻቸው» ይላል። ይበል። ሐሰት አይደለም፤ ሰጥቻቸዋለሁ። እሱ የሚዘለውን ግን እኔ እናገራለሁ። ከቅጥረኛው በፊት ለማን ሰጥተናቸው እንደነበርና ጀርባቸው ምን ሆኖ እንዳገኘሁት እናገራለሁ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣና ዳር ባለ አንድ ደብር ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪዎቻቸው ዛሬ ከአንበሳሜ እስከ ጎርጎራ በየደብሩ መሪጌታ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ሲል ባሕር ዳር እኔ ቤት መጡ። ወንድሜ ዱርቤቴ ላይ ወፍጮ ቤቱን ጥሎ መምጣት አይችልማ! ሚስቱም ወገቧን ያማታል። እኔ ደግሞ ባል የፈታሁ አስተማሪ ስለሆንሁ በቤተሰባችን ሕግ ሥራ ፈት ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ነገሩ ተወስኖ ያለቀ መሆኑን ያወቅሁት አልጋቸው ከመኪና ሲወርድ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በደላላ በኩል አንዲት ሴት ቀጠርሁ። ደርባባ፣ እጇ የፈጠነ ሴትዮ ነበረች። አባቴ ግን በደህናው እጃቸው ጋቢያቸውን አንገታቸው ድረስ ጎትተው በተጣመመ አፋቸው «ሴት ገላዬን አትነካም» አሉ። ሽንታቸውን ይዘው ሆዳቸው እስኪነፋ ድረስ ዋሉ። እኔ ራሴ መታጠቢያውን ይዤ ስቀርብ አለቀሱ። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነበር፤ ሲከለክሉኝ ቀለል አለኝ።

ወደ ደላላው ተመለስሁና ወንድ አስታማሚ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት።

«ወንድ? ዘበኛ ነው አትክልተኛ?»

«ሰው የሚያጥብ፣ የሚያነሣ፣ የሚያገላብጥ።»

ጥርሱን እየፋቀ ነበር፤ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። «እኅቴ፣ ይኸን የሚሠራ ወንድ ከወለድሽ ነው እንጅ በገንዘብ አይገኝም» አለኝ። እኔ ወንድ ልጅ የለኝም። አባቴ ግን አላቸው፤ ዱርቤቴ ተቀምጦ እህል ያስፈጫል።

ለዚሁ ልጃቸው ደወልሁለት። ቅጥር የሚለውን ቃል ሲሰማ ጮኸ። «አንች፣ ተማሪዎቻቸው በሞሉበት አገር ቅጥር? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የኔታ በደመወዝ ታጠቡ ተብሎ ሊወራብን ነው?» በሳምንቱ ከአባቴ የቀድሞ ተማሪዎች አንዱን ላከ።

ሰውየው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስት ያላገባ ዲያቆን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከመስደቤ በፊት መናገር አለብኝ። ደመወዝ ስጠቅስበት ፊቱ ተለወጠ። «የኔታን ለማገልገል ዋጋ? ምርቃታቸው ይበቃኛል» አለ። ጎረቤቶቼ ሰምተው እንባ እንባ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? የደመወዜ እኩሌታ ተረፈልኝ።

ልማዱ የታወቀ ነው። ተማሪ የመምህሩን እግር ያጥባል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ መምህር ደግሞ ዕውቀትና ምርቃት ይሰጣል። ገንዘብ በመካከላቸው አይገባም። ዲያቆኑም አባቴ አጠገብ ቆሞ ዳዊት ይደግማል፣ ቆሞ በማንኪያ ያጎርሳቸዋል፣ ቆሞ ይውላል። እኔ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ወጥቼ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። «እንዴት ዋሉ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ዋሉ» ይለኛል። ማኅሌት ባለ ቀን ደግሞ ጥሏቸው ይሄዳል። ለማይከፈለው ሰው «ለምን ሄዱ?» አይባል ነገር! ክፍሉ መሽተት ሲጀምር የሽንት ነው ብዬ አንሶላውን አጠብሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ዲያቆኑ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ፣ የአባቴን ሸሚዝ ልቀይር ብዬ ብስበው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። በሞቀ ውኃ አርሼ ገለጥሁት። ከወገባቸው በታች የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቁስል ተከፍቶ ነበር። ሽታው ከዚያ ነበር። የሰፈራችን ነርስ መጥታ አየችውና «ለመሆኑ እኒህ ሰው ተገላብጠው ያውቃሉ?» አለችኝ። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነበረባቸው።

ዲያቆኑ ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት። እስከዚያ ቀን አንቱ ስለው የኖርሁትን ሰው አንተ አልሁት።

«አላገላበጥሃቸውም?»

ጥያቄው ራሱ አስደነገጠው። «የኔታን? እሳቸው አዙረኝ ሳይሉኝ እንደት ብየ እጄን አሳርፍባቸዋለሁ?»

ወደ አባቴ ዞርሁ። «እርስዎስ? አዙረኝ አይሉትም ነበር? ሲያምዎ?»

«በተማሪዬ ፊት…» አሉና ቀሪውን ዋጡት።

ነገሩ ይኸው ነው። ተማሪው ክብራቸው ከብዶት አልነካም። መምህሩ ተማሪዬ ፊት ገላዬ አይታይም ብለው አላዘዙም። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኝ፣ በነፃ የሚያገለግልን ሰው አልቆጣጠርም ብዬ ሸሚዛቸውን አልገለጥሁም። ሦስት ጨዋ ሰዎች ተባብረን የአንድ ሰው ጀርባ አበሰበስን። ያ ሁሉ ተማሪ እያላቸው የሚያዞራቸው አጡ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የዲያቆኑን ዳዊትና ጃንጥላ አውጥቼ ሰጠሁትና በሩን ዘጋሁ።

አዲሱን ሰው ያመጣችልኝ ነርሷ ናት። ሐይቁ ዳር ካሉት የእስላም ሰፈሮች የመጣ፣ ጀልባ ሲሠራ የኖረ፣ ሽባ የሆኑ አባቱን እስኪሞቱ ያስታመመ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። ስለ አባቴ ማዕርግ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ኪሏቸው ስንት ይሆናል?»

ከዚያ ውሉን እሱ ነገረኝ። ደመወዝ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን። እዚሁ ያድራል፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ይወጣል። ምግብ አያበስልም፣ ግቢ አይጠርግም። «ላልተስማማንበት አታዝዥኝ። ለተስማማንበት ደግሞ ካጓደልሁ ተቆጭኝ» አለኝ። የዚያን ጊዜ ብቻ ነው ሰው መቅጠር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። የምከፍለው ለመቆጣት መብቴ ነው።

ሰውየው አይወደድም። አባቴ ደንቆሮ የሆኑ ይመስል ይጮኽባቸዋል። ስልኩ በየሁለት ሰዓቱ ሲጮኽ «አባባ፣ ዞር!» ይልና አንሶላውን ከሥራቸው ስቦ ይገለብጣቸዋል፤ ቁስሉን አይቶ፣ አጥቦ፣ ቀብቶ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ይጫወታል። በረመዳን ጾሙ ወር ተነጫነጨና ጭማሪ ጠየቀ፤ ጨመርሁለት። ወንድሜ «ለቅጥረኛ ሳንቲም አላዋጣም» ስላለ ሁሉም ከእኔ ኪስ ነው። አንድ ቀን ፋሻው እርጥብ ሆኖ ባገኘው ጮኽሁበት፤ እሱም መልሶ ጮኸብኝና ቀየረው። እንዲህ ያለ ሰላም በቤቴ ኖሮ አያውቅም።

አባቴ አንድም ቀን ስሙን አልጠሩም። ቁስሉ ግን ከዳር ዳር እየጠበበ መጥቶ በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ ተዘጋ።

በዳግማ ትንሣኤ ወንድሜ ዲያቆኑንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ዲያቆኑ ተንበርክኮ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ አለቀሱ። ግራ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው መረቁት፤ በየቃሉ እየተንገዳገዱ፣ ረጅም ምርቃት። ከታመሙ ወዲህ ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ያበሰበሳቸውን ሰው ነበር የሚመርቁት፤ ያዳናቸው በር ላይ መታጠቢያ ይዞ ቆሟል።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቁስሉም ድኗል። ተማሪው ይመለስ፣ ሰውየው ይሰናበት። አባባ ራሳቸው ይናገሩ።»

አባቴ እኔን እኔን እያዩ «ተማሪዬ… ይምጣልኝ» አሉ።

«ያኔ አላወቅሁም ነበር» አለ ዲያቆኑ። «አሁን አገላብጣለሁ።»

«በል አሁን አገላብጥ» አልሁት። «ሰዓታቸው ደርሷል።»

ተነሣ። እጁን ዘርግቶ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ። አባቴ ቀና ብለው አዩት። አንሶላውን ለቀቀና የጋቢያቸውን ዘርፍ ስሞ ወደ ኋላ አለ። ስልኩ ጮኸ። ሠራተኛው በሽማግሌዎቹ መካከል አልፎ «አባባ፣ ዞር!» አለና ገለበጣቸው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«እንደ ጆንያ!» አለ ወንድሜ። «አየሽ አይደል? የኔታን እንደ ጆንያ!»

«አየሁ» አልሁት። «ከፈለግህ ወፍጮህን ዝጋና አንተ አገላብጥ። ካልሆነ ሰውየው ይቆያል።»

አባቴ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ «እለምንሻለሁ፣ ልጄ» አሉ። ለምነውኝ አያውቁም ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአባት ቃል አይሰበርም አለኝ። እኔ ግን ወደ ሠራተኛው ዞሬ «ነገም በሰዓቱ አዙራቸው» አልሁት።

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጉልበታቸውን ስሜ ጎንበስ እንዳልሁ እጠብቃለሁ፤ አባቴ እጃቸውን ከጋቢው አያወጡም፣ አይመርቁኝም። ያቃጥለኛል። ማታ ስመለስ ሸሚዛቸውን ገልጬ ጀርባቸውን አያለሁ። ደኅና ነው።